ርቀት ይቅደም፣ ሌንስ ይከተል፦ የሰውን ፊትና ሰፊ ሥፍራን በዲጂታል ካሜራ ስለ ማንሣትና ስለ ማረም



የዛሬው ገለጻዬ በሁለት የፎቶግራፍ ዘርፎች ላይ ያተኩራል። አንደኛው የሰውን ፊት ዋና ጉዳዩ የሚያደርገው ነው፤ ለመታወቂያ ከምንነሣው ጉርድ ፎቶግራፍ አንሥቶ በመስክ ጥናት ወቅት የአንድን አዛውንት ገጽታ ለታሪክ እስከምናስቀምጥበት ምስል ድረስ ይዘልቃል። ሁለተኛው ሕንፃን፣ አደባባይን፣ መልክዓ ምድርን ወይም ብዙ ሰው የተሰበሰበበትን ሥፍራ በአንድ ክፈፍ ለማስገባት በሰፊ ማዕዘን ሌንስ የሚነሣው ነው። ሁለቱን አጣምሬ የማቀርባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አንደኛው ከሰው ራቅ ብለን እንድንቆም ይጠይቀናል፤ ሁለተኛው ደግሞ መራቅ በማንችልበት ቦታ እንድንሠራ ያስገድደናል። የሁለቱም ችግር ምንጩ አንድ ነው።

ፎቶግራፍ ሳስተምር ከተማሪዎች በብዛት የሚቀርብልኝ ጥያቄ «የትኛውን ሌንስ ልግዛ?» የሚል ነው። ሌንስ ውድ ዕቃ ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም የሚቀድመው ሌላ ጥያቄ አለ፤ «የት ልቁም?» የሚለው። ዛሬ ላሳያችሁ የምሞክረው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የምስሉን ቅርጽ በዋናነት የሚወስነው ካሜራው የቆመበት ርቀት ነው። ሌንስ የሚወስነው ከዚያ ርቀት ላይ ምን ያህሉ ወደ ክፈፉ እንደሚገባ ነው። አርትዖት ደግሞ የብርሃንንና የቀለምን ጉድለት ሊያቃና ቢችልም፣ በስሕተት የተመረጠን ርቀት በእውነት ሊመልስ አይችልም።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፎቶግራፍ ማስረጃ ነው። የታሪክ ተመራማሪው፣ የሥነ ሕንፃ ባለሙያው፣ የጤና ተማሪው፣ የቅርስ ጠባቂው ሁሉ ምስልን ምስክር አድርገው ይጠቀማሉ። ምስክሩ ከተዛባ በእርሱ ላይ የቆመው ንባብም አብሮ ይዛባል። ስለዚህ የምናገረው ስለ ካሜራ ቢሆንም፣ የምጠይቀው ስለ ታማኝነት ነው።

፩. ፊትን የሚቀርጸው ርቀት ነው

አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ያለው ርቀት 12 ሴንቲሜትር ነው ብለን እንያዝ። ካሜራው ከአፍንጫው 30 ሴንቲሜትር ላይ ቢሆን፣ ከጆሮው 42 ሴንቲሜትር ይርቃል ማለት ነው። 42 ለ30 ሲካፈል 1.4 ይሆናል፤ ስለዚህ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር በ40 በመቶ ገዝፎ ይሣላል። ካሜራው ወደ 1.5 ሜትር ሲርቅ ግን 162 ለ150 ይሆናል፤ ልዩነቱም ወደ 8 በመቶ ይወርዳል። በ3 ሜትር ላይ 4 በመቶ ብቻ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ የሌንስ ስም አልተነሣም። እዚያው ቦታ ላይ ማንኛውንም ሌንስ ብትገጥሙ የአፍንጫውና የጆሮው ንጽጽር አይለወጥም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር የፊት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት፣ በ30 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ የተነሣ ፊት በ1.5 ሜትር ላይ ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫው 30 በመቶ ያህል ሰፍቶ እንደሚታይ በስሌት አሳይቷል። ተመራማሪዎቹን ያሳሰባቸው ነገር ሰዎች በእጃቸው ርዝመት ያነሡትን የራሳቸውን ፎቶግራፍ ተመልክተው አፍንጫቸውን ለማስቀነስ ወደ ሐኪም መምጣታቸው ነበር። ካሜራው ቀርቦ ያበላሸውን ሰውየው በገላው ላይ እንደ ጉድለት ተቀበለው ማለት ነው።

ታዲያ የሌንስ ሥራ ምንድን ነው? የሌንስ የትኩረት ርዝመት የእይታውን ማዕዘን ይወስናል። 36 በ24 ሚሊሜትር ስፋት ባለው፣ ፉል ፍሬም በሚባለው ሴንሰር ላይ፣ 24 ሚሊሜትር ሌንስ ከጥግ እስከ ጥግ 84 ዲግሪ ያህል ያያል፤ 50 ሚሊሜትር 47 ዲግሪ፣ 85 ሚሊሜትር ደግሞ 28 ዲግሪ ያህል። ካሜራውን አቁመን የአንድን ሰው ራስና ትከሻ፣ ማለትም 60 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለውን ክፍል፣ ክፈፉን ሞልቶ እንዲታይ ብንፈልግ በ24 ሚሊሜትር ሌንስ 42 ሴንቲሜትር ላይ መቅረብ ይኖርብናል። በ50 ሚሊሜትር 90 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በ85 ሚሊሜትር 1.5 ሜትር፣ በ135 ሚሊሜትር 2.4 ሜትር ገደማ እንቆማለን። እንግዲህ 85 ሚሊሜትር «የፊት ሌንስ» የሚል ስም ያተረፈበት ዋና ምክንያት ይህ ነው። መስተዋቱ ፊትን የሚያሳምር ምሥጢር ስላለው ሳይሆን፣ ሁለት ሰዎች ተከባብረው ሲነጋገሩ የሚቆሙበትን ርቀት እንድንጠብቅ ስለሚያስገድደን ነው።

ይህን በራሳችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ከአንድ ሰው ፊት 2 ሜትር ላይ ቁሙና አንዴ በ24፣ አንዴ በ85 ሚሊሜትር አንሡት። ከዚያም የመጀመሪያውን ምስል ከሁለተኛው ጋር እስኪተካከል ከርክሙት። ፊቱ አንድ ዓይነት ይሆናል። የምታጡት ጥራትን ነው፤ 24 ሚሊዮን ፒክስል ከነበረው ምስል ከ2 ሚሊዮን ያነሰ ብቻ ይቀራችኋል።

ከዚህ ተነሥቼ በጀታቸው ውሱን ለሆነ ተማሪዎች የምሰጠው ምክር ቀላል ነው። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለውን አነስተኛ ሴንሰር የያዙት ካሜራዎች ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር ከሚዘረጋ ሌንስ ጋር ይሸጣሉ። በእነዚህ ካሜራዎች ላይ 55 ሚሊሜትር ሌንስ በፉል ፍሬም 82 ሚሊሜትር ያህል የሚያሳየውን እይታ ይሰጣል። ስለዚህ ብዙዎች የሚንቁት ያ ሌንስ እስከ ጫፉ ተዘርግቶ ለፊት ፎቶግራፍ በቂ ነው። ተጨማሪ ለመግዛት ለሚችል ደግሞ ኤፍ 1.8 የሆነ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በዋጋም በብርሃንም የሚመጥን ነው። ስልክ ብቻ ያለውም ሰው አልተረሳም። የአብዛኛው ስልክ ዋና ካሜራ ከ24 እስከ 26 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር የሚመሳሰል እይታ አለው፤ ስለዚህ ተጠግቶ ከማንሣት ይልቅ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ማለትና ምስሉን መከርከም ወይም ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት እጥፍ ማቅረቢያውን መጠቀም ይበጃል።

ስለ ብርሃን ቀዳዳው፣ አፐርቸር ስለሚባለው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ለዓለም ሲበሰር የነበሩት ሌንሶች ብርሃን የሚያስገቡት በጣም ጥቂት ስለነበር፣ የሚነሣው ሰው ለብዙ ደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። በቀጣዩ ዓመት ዮሴፍ ፔትስቫል የተባለው የሒሳብ ሊቅ ኤፍ 3.6 የሆነ ሌንስ ቀመረ፤ የመነሻውንም ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ለማውረድ አስቻለ። የሰፊ ቀዳዳ ሌንስ መነሻ ዓላማ እንግዲህ ብርሃን መሰብሰብ ነበር፤ የጀርባው ብዥታ ተከትሎ የመጣ ነው። ዛሬ ግን ብዥታው ራሱ ግብ ሆኗል። በ85 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በ1.5 ሜትር ርቀት፣ በኤፍ 1.8 ብናነሣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 3 ሴንቲሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ሰውየው ፊቱን ትንሽ ካዞረ አንዱ ዓይን ይጠራል፣ ሌላው ይደበዝዛል። በኤፍ 5.6 ጥልቀቱ ወደ 10 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ምስሉ ለመዝገብ የሚቀመጥ ከሆነ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ስልኮች ደግሞ ይህን ብዥታ በስሌት ይፈጥሩታል። ስሌቱ የፊትንና የጀርባን ድንበር መለየት አለበት፤ የሚቸገረውም በጸጉር ዳርቻ ላይ ነው። ከሹሩባ አፈንግጠው የወጡ ቀጫጭን ጸጉሮች፣ የተበተነ ጎፈሬ፣ የነጠላ ጥለት ዘርፍ በቀላሉ ከጀርባው ጋር ተደባልቀው ይጠፋሉ። በባህላዊ አለባበስና በጸጉር አሠራር ላይ ጥናት የምታደርጉ ሁሉ ይህን ባሕርይ አጥፍታችሁ አንሡ።

፪. መራቅ በማይቻልበት ቦታ

አሁን ወደ ሰፊ ማዕዘን ልለፍ። ላሊበላን እንደ ምሳሌ እወስዳለሁ፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ችግሩን ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበስባሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ነው። ወደ ታች ወርዶ ከግድግዳው ሥር የቆመ ሰው ወደ ኋላ ቢል ወዲያው ከጉድጓዱ ዓለት ጋር ይጋጫል። እዚህ ላይ «ርቀህ ቁም» የሚለው ምክር አይሠራም።

ካሜራውን ወደ ላይ ስናቃና የሕንፃው ቀጥ ያሉ መስመሮች ወደ ላይ እየተጠጉ ይሄዳሉ፤ ግድግዳው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ምክንያቱ ሴንሰሩ ከግድግዳው ጋር ትይዩ መሆኑን ማቆሙ ነው። ካሜራው ቀጥ ብሎ ከቆመ መስመሮቹም ቀጥ እንዳሉ ይቀራሉ፤ ነገር ግን የሚያየው ከፍታ ይወሰናል። ከግድግዳው 8 ሜትር ርቀን፣ ካሜራውን ቁመተ ረጅም አድርገን ብናቆመው፣ 24 ሚሊሜትር ሌንስ ከካሜራው በላይ እስከ 6 ሜትር፣ 16 ሚሊሜትር ሌንስ እስከ 9 ሜትር ድረስ ያያል። ሰፊ ሌንስ እዚህ ላይ እውነተኛ አገልግሎት ይሰጣል፦ ካሜራውን ሳናጋድል ጫፉን እንድናይ ያደርገናል፤ ከታች የሚተርፈውን ወለል በኋላ እንከረክመዋለን።

ካሜራው የግድ ከተጋደለ ሶፍትዌሩ መስመሮቹን መልሶ ያቃናል። ይህ ግን በነጻ የሚገኝ አይደለም። ሶፍትዌሩ የላይኛውን ክፍል በመለጠጥ ስለሚሠራ ጥራቱ እዚያ ላይ ይሳሳል፤ ጎንና ጎኑም ይቆረጣል። ስለዚህ በሕንፃው ዙሪያ ትርፍ ቦታ ትታችሁ አንሡ። የሕንፃውን ቁመትና ስፋት ለሚለካ ተመራማሪ ደግሞ መለኪያ ዘንግ በክፈፉ ውስጥ ማኖር ይገባል። ሰፊ ሌንስ ይዘን ስንጠጋ ቅርብ ያለው ይገዝፋል፣ ሩቅ ያለው ያንሳል፤ ጠባቡ ጉድጓድ እንደ ሰፊ አደባባይ ሊታይ ይችላል። ያለ መለኪያ የቀረበ እንዲህ ያለ ምስል ያስደንቃል እንጂ አያስረዳም።

የሰፊ ማዕዘን ሁለተኛው ባሕርይ በክፈፉ ዳር ያሉትን ሰዎች ይመለከታል። ሰፊውን እይታ በጠፍጣፋ ወለል ላይ ስንዘረጋው ዳሩ መለጠጡ አይቀሬ ነው፤ ክቡን ምድር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ስናሠፍር ዋልታዎቹ እንደሚለጠጡት ማለት ነው። መጠኑንም ማስላት ይቻላል። በአግድም ክፈፍ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ራስ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ 6 በመቶ ይሰፋል፤ በ35 ሚሊሜትር 12 በመቶ፣ በ24 ሚሊሜትር 25 በመቶ፣ በ16 ሚሊሜትር 50 በመቶ። ሌንሱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ይህ አይቀርም፤ ከጂኦሜትሪ የመጣ እንጂ ከመስተዋት ጥራት የመጣ አይደለምና።

በምረቃ፣ በሠርግና በማኅበር ፎቶግራፎች ላይ ይህ በየጊዜው ይታያል። መሐል የቆሙት እንዳሉ ሲሆኑ ዳር የቆሙት ፊታቸው ጎንና ጎን የተሳበ ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ወደ ኋላ ርቆ በ35 ወይም በ50 ሚሊሜትር ማንሣት ነው። ቦታ ከጠበበ ደግሞ በግራና በቀኝ ባዶ ቦታ መተው፣ እንዲሁም ሰልፉን ከካሜራው ጋር ትይዩ ማድረግ ነው። ብዙዎች ሁሉም ሰው እኩል እንዲርቅ በማሰብ ሰልፉን እንደ ጨረቃ ወደ ካሜራው ያጥፉታል። ይህ ችግሩን ያብሳል፤ ዳር ያሉት ሲቀርቡ ከስፋታቸው በላይ ቁመታቸውም ይጨምራልና። እ.ኤ.አ. በ2019 የጉግል ተመራማሪዎች በስልክ ምስል ውስጥ ፊቶችን ለይቶ ቅርጻቸውን የሚመልስ፣ የጀርባውን ቀጥ ያሉ መስመሮች ግን እንዳሉ የሚተው ስልት አሳትመዋል። ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ቢሆንም እንዲህ ባለ ምስል ውስጥ ፊቱና ግድግዳው በሁለት የተለያዩ ሕግጋት የተሣሉ መሆናቸውን ማወቅ ይገባናል።

፫. ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት

እስካሁን ስለ ቅርጽ ተናገርኩ፤ ከቅርጽ ቀጥሎ ብርሃን ይመጣል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊቱ የቆመው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም። ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ፣ ማለትም ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ገደማ የሚያንጸባርቅ ወለል አድርጎ ያስበዋል። በጥምቀት ዕለት ነጭ ለብሶ የወጣውን ሕዝብ አስቡ። ክፈፉን የሞላው ነጠላና ጋቢ ስለሆነ፣ መለኪያው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሰዋል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፤ በነጠላው መሐል ያለው ጠይም ፊት ደግሞ ዝርዝሩ የማይለይ ጥላ ይሆናል። ዘመናዊ ካሜራዎች ፊትን ለይተው መለካት መጀመራቸው ችግሩን አቃሎታል፤ ፈጽሞ ግን አላስወገደውም።

ልብ በሉ፤ ጥፋቱ የሴንሰሩ አቅም ማነስ አይደለም። ነጭ ነጠላ ካረፈበት ብርሃን 80 በመቶ ቢያንጸባርቅና ጠቆር ያለ ፊት 10 በመቶ ቢያንጸባርቅ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ውስጥ ልዩነታቸው 8 እጥፍ ነው፤ በፎቶግራፍ ቋንቋ ሦስት የብርሃን ደረጃ ማለት ነው። የዛሬ ሴንሰር ከአሥር ደረጃ በላይ መያዝ ስለሚችል ሁለቱንም አቻችሎ ይመዘግባል። ስሕተቱ ያለው በመለኪያው ውሳኔ ላይ ነው፤ ውሳኔውን ደግሞ እኛ መለወጥ እንችላለን። የግራጫ ካርድ ከፊቱ አጠገብ ይዘን ከእርሱ ላይ እንለካ፤ ካርድ ከሌለ ነጩ በበዛበት ክፈፍ ብርሃኑን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ደረጃ እንጨምር፤ ሂስቶግራሙንም አይተን የነጠላው ዝርዝር አለመጥፋቱን እናረጋግጥ። በቀትር ፀሐይ ፊቱ በጥላ ነጠላው በብርሃን ላይ ሲሆን ልዩነቱ በጣም ስለሚሰፋ፣ ሰውየውን በአክብሮት ወደ በረንዳ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ መጋበዝ ከሁሉም ይሻላል።

«በኋላ በሶፍትዌር አበራዋለሁ» የሚል ካለ ይህን ይመልከት። 14 ቢት የሆነ ሮው ፋይል 16,384 የብርሃን እርከኖች አሉት። ከእነዚህ ግማሹ፣ 8,192ቱ፣ ለመጨረሻው ብሩህ ደረጃ ብቻ ይውላል፤ ለቀጣዩ 4,096፣ እንዲህ እያለ ለአምስተኛው 512 ብቻ ይደርሰዋል። እጅግ ጨልሞ የተነሣ ፊት የተመዘገበው በእነዚያ ጥቂት እርከኖችና በጥቂት ብርሃን ነው፤ ስናበራው ከፊቱ ጋር ጉርብጥብጡም አብሮ ይበራል። ምስሉ 256 እርከን ብቻ ባለው ጄፔግ ከተቀመጠ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ይህ ነገር ታሪክም አለው። ካናዳዊቷ ምሁር ሎርና ሮት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቀለም ፊልም ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ ካርድ» በሚባል ምስል ነበር፤ በካርዱ ላይ ያለችውም ነጭ ሴት ነበረች። ኮዳክ የጥቁር ቡናማ ቀለማትን አያያዝ እንዲያሻሽል ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል፤ ምርታቸው በፎቶግራፍ ላይ በትክክል አልታይ ብሏቸው ነበርና። ጉግል በስልኮቹ ላይ የተለያየ የቆዳ ቀለምን በትክክል ለማሳየት ያለመውን ሥራውን በይፋ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ካሜራ ገለልተኛ መሣሪያ ነው ብለን ስናስብ፣ መካከለኛ የሚባለውን መጠን የወሰኑት ሰዎች መሆናቸውን መርሳት የለብንም።

፬. አርትዖት የት ይቆማል?

የአርትዖትን ሥራ በቅደም ተከተል መሥራት ስሕተትን ይቀንሳል። መጀመሪያ የሌንሱን የታወቁ ጉድለቶች፣ ማለትም የመስመር መጉበጥን፣ የጥግ መጨለምንና የቀለም ጠርዝን፣ በተዘጋጀው የሌንስ መግለጫ እናርማለን። ቀጥሎ የነጩን ሚዛን በግራጫ ካርዱ እናስተካክላለን። ከሰማያዊ ወይም ከቢጫ ድንኳን ሥር የተነሣ ፊት የሸራውን ቀለም ይዞ ይመጣልና ይህ እርምጃ አይዘለልም። ከዚያ የፊቱን ብርሃን፣ ቀጥሎ የሕንፃውን መስመር፣ ቀጥሎ የተወሰኑ ቦታዎችን ማብራትና ማጨለም፣ በመጨረሻም መከርከምና ማጥራት ይመጣል። ለዚህ ላይትሩም ለመግዛት የማይችል ተማሪ በነጻ የሚገኙትን ዳርክቴብልን ወይም ሮውቴራፒን መጠቀም ይችላል። ሁሉም የመጀመሪያውን ፋይል ሳይነኩ የማስተካከያውን ትእዛዝ ለብቻው ይመዘግባሉ።

ከዚህ ወዲያ ያለው የሕሊና ጉዳይ ነው። ቆዳን ስለማለስለስ ልናገር። በብዙ ደገኛ እናቶች አንገትና ግንባር ላይ ንቅሳት አለ። ቆዳን በራሱ የሚያለሰልስ ሶፍትዌር ንቅሳቱን ከጠባሳና ከነጠብጣብ ለይቶ እንዲያከብር ማንም ዋስትና አይሰጠንም። ዛሬ ወጥቶ ነገ የሚጠፋን ብጉር መሸፈን አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የተሸከመውን ምልክት ማጥፋት ግን ሰውየውን መለወጥ ነው። የቆዳ ቀለምም እንዲሁ ነው። ቋንቋችን ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ ይለያል። ጠይሟን ቀይ አድርጎ ያወጣ አርታኢ አሳመርኳት ቢልም፣ መልኳን ለራሷ የነፈጋት እርሱ ነው።

በዓለም የታወቁ ሁለት ምሳሌዎች ድንበሩን በግልጽ ያሳያሉ። ናሽናል ጂኦግራፊክ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1982 እትሙ በአግድም የተነሣን የጊዛ ፒራሚዶች ምስል ከቁመታም ሽፋኑ ጋር ለማስማማት ፒራሚዶቹን በዲጂታል ዘዴ አቀራረባቸው። ታይም መጽሔት ደግሞ በሰኔ 27 ቀን 1994 እትሙ በወንጀል የተጠረጠረውን የኦ. ጄ. ሲምፕሰንን የፖሊስ ፎቶግራፍ አጨልሞ በሽፋኑ ላይ አወጣ፤ ኒውስዊክ ያንኑ ምስል ሳያጨልም በዚያው ሳምንት ስላወጣው ልዩነቱ ጎን ለጎን ታየ። በመጀመሪያው ርቀት ተለወጠ፤ በሁለተኛው የፊት ቀለም ተለወጠ። ዛሬ ስንነጋገርባቸው የቆየናቸው ሁለቱ ነገሮች እነዚህ ናቸው።

የእኛም አገር ጥያቄ ከዚህ የራቀ አይደለም። በላሊበላ በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ከዝናብና ከፀሐይ ለመከላከል ትልልቅ ጣሪያዎች ተተክለዋል። ምሰሶዎቻቸው በሰፊ ማዕዘን ምስል ውስጥ ይገባሉ፤ ለዓይንም አይመቹም። ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ2023 ካስተዋወቀው ምስል የሚፈጥር መሣሪያ ወዲህ ምሰሶን አጥፍቶ በምትኩ ዓለትና ሰማይ ማኖር የደቂቃ ሥራ ሆኗል። ለግድግዳ ጌጥ የሚሸጥ ምስል ከሆነ ሻጩ ይህን በግልጽ ይናገር። ለጥናት የሚቀመጥ ከሆነ ግን ምሰሶው መረጃ ነው። ቅርሱ በዚህ ዘመን በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ፣ ምን እንደተሠራለትና ምን እንደተጫነበት የሚመሰክረው ያ ምሰሶ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ የጸዳውን ምስላችንን አይቶ ጣሪያ አልነበረም ብሎ ቢጽፍ፣ ለስሕተቱ ተጠያቂዎቹ እኛ እንሆናለን።

ስለዚህ በክፍል ውስጥ የምጠቀምበትን መመዘኛ ላካፍላችሁ። አንድን ማስተካከያ ከመሥራቴ በፊት «ይህ እርምጃ በቦታው የነበረ ሰው ያየውን ይመልሳል ወይስ ማንም ያላየውን ይጨምራል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጨለማ የዋጠውን ፊት ማብራት፣ የድንኳኑን ቀለም ከጉንጭ ላይ ማንሣት፣ የወደቀ የሚመስለውን ግድግዳ ማቃናት ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። ምሰሶን ማጥፋት፣ አፍንጫን ማቅጠን፣ ቆዳን ማንጣት ከሁለተኛው ወገን ናቸው። በመሐል የሚወድቁ አሉ፤ ለእነርሱ ያለኝ መልስ የመጀመሪያውን ፋይል ሳይነኩ ማስቀመጥና የተደረገውን ለውጥ በመግለጫው ላይ መጻፍ ነው። የተነሣው ሰው በሕይወት ካለና በአቅራቢያችን ከሆነ ደግሞ ምስሉን አሳይቶ «እርስዎን ይመስላሉ?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም መመዘኛ ይበልጣል።

ለመስክ ሥራ ለምትወጡ ተማሪዎች የማሳስበው እንግዲህ ይህን ነው። ለሰው ፊት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁ። ለቡድን ሰልፉን አቅኑ፣ ዳሩንም ባዶ ተዉ። ለሕንፃ ካሜራውን ቀጥ አድርጉ፣ መለኪያም አኑሩ። ብርሃኑን ከፊቱ ላይ እንጂ ከነጠላው ላይ አትለኩ። በሮው አንሡ፤ የመጀመሪያውን ፋይል በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ሌንስ መግዛቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ለየትኛው ሥራ እንደምትፈልጉት ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።